የቀድሞ ጨካኝ ንስሐ የሚገባበት ምናባዊ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል? ዝርዝር መመሪያ

ይህን ዓይነት ልቦለድ ጀምረው ከመካከል የሚያቆሙ፣ ጨርሰውም አንባቢን ማሳመን የሚያቅታቸው ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ጸጸትን ይጽፋሉ፤ ዕዳን አይጽፉም። ሰውዬው ሌሊት ይባንናል፣ ያለቅሳል፣ ሰይፉን ገደል ይወረውራል። የበደላቸው ሰዎች ግን የት እንደደረሱ፣ ምን እንዳጡ፣ ዛሬ ምን እንደሚፈልጉ ከመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም። አንባቢም ያላየውን በደል ይቅር በል ሲባል እምቢ ይላል፤ እውነቱን ነው።

ደረጃዎቹን በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ሥሯቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳትጨርሱ ምዕራፍ አንድን አትጀምሩ።

እስከ መጨረሻው የምንሠራበት አንድ ሰው እንፍጠር፤ «ድምጽ ነጣቂው» እንበለው። ያመፁ መንደሮች ሲያዙ የነዋሪዎቹን ድምጽ በአስማት እየነጠቀ በጠርሙስ የሚያሽግ የንጉሥ ባለሟል ነበር። ንጉሡ ከሞተ 12 ዓመት ሆኖታል። ሰውዬው አርጅቷል፤ ብዙዎቹ ጠርሙሶች ግን አሁንም እሱ ዘንድ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የበደል መዝገብ አዘጋጁ

አንድ ደብተር ውሰዱና ገጸ ባሕርያችሁ የፈጸመውን እያንዳንዱን ትልቅ በደል በየራሱ መስመር ጻፉ። ለእያንዳንዱ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች መልሱ፦

1. የተበደለው ማን ነው? «መንደሩ» ወይም «ሕዝቡ» አትበሉ፤ አንድ ሰው ይሁን።
2. በትክክል ምን ተደረገበት?
3. ያዘዘው ማን ነው? ትእዛዙን እምቢ ማለት ይቻል ነበር?
4. በዳዩ ከዚህ ምን አተረፈ?
5. ተበዳዩ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው?
6. ጉዳቱ ይመለሳል፣ በከፊል ይመለሳል ወይስ ፈጽሞ አይመለስም?

ጸሐፊዎች በብዛት የሚዘሉት አራተኛውን ነው። ሹመት፣ መሬት፣ ዝና፣ የንጉሥ ፈገግታ፣ ምናልባትም የሙያው ደስታ ብቻ፤ ያተረፈው ነገር የግድ መኖር አለበት። ምንም ያላተረፈ በደለኛ ሲጸጸት የሚመልሰው ነገር የለውም።

በስድስተኛው ጥያቄ ከሦስቱም ዓይነት ቢያንስ አንድ አንድ ይኑራችሁ። የድምጽ ነጣቂው መዝገብ ይህን ይመስላል፦

- ዘፋኟ። ጠርሙሷ አልተከፈተም። ድምጿ ይመለሳል።
- አዋላጇ። ጠርሙሱ ለአንድ ባለጠጋ ተሽጧል፤ ገዢው ለዓመታት ሲናገርበት ኖሯል። የሚመለሰው ያረጀና የሰለለ ድምጽ ነው።
- የ7 ዓመት ልጅ። ጠርሙሱ በጉዞ ላይ ተሰብሯል። ልጁ ዛሬ 19 ዓመቱ ነው፤ ድምጽ ከተነጠቁ ጓደኞቹ ጋር በእጅ የሚነገር ቋንቋ ፈጥሯል፤ ማንንም አይጠብቅም።

ሦስተኛውን መስመር ልብ በሉት። ልጁ ያለ በዳዩ እርዳታ ሕይወቱን ሠርቷል። ድምጽ ነጣቂው ሊያድነው ሲመጣ የሚድን ሰው አያገኝም። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከዚህ መስመር ይወጣል።

*ማስጠንቀቂያ፦* የበደሉን ብዛት አታጋንኑ። «መቶ ከተማ አቃጠለ» የሚለው ቁጥር አንባቢን አይነካም፤ ካሳውንም የማይቻል ያደርገዋል። ከሦስት እስከ አምስት በስም የሚታወቁ ተበዳዮች ለአንድ መጽሐፍ ይበቃሉ። የቀሩት ከጀርባ ይኑሩ።

*ከተበላሸ፦* ረቂቃችሁ ውስጥ ሰውዬው ክፉ የነበረው «ጋኔን ስለያዘው» ወይም «ድግምት ስለተደረገበት» ከሆነ ታሪኩ የንስሐ ታሪክ መሆኑ ቀርቷል፤ እሱም ተበዳይ ሆኗል። ጋኔኑን ማስወጣት ግን የግድ አይደለም። ወደኋላ ሂዱና በሩን ራሱ የከፈተበትን ቀን ጻፉ፦ ምን ቃል ተገባለት? ዋጋውን እያወቀ ለምን እሺ አለ? ያ ቀን የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ይሁን።

ደረጃ 2፦ አስማቱን ከካሳው ጋር እሰሩ

በምናባዊ ዓለም ውስጥ ትልቁ አደጋ አስማቱ ካሳውን ማርከሱ ነው። ሙታን የሚነሡ፣ ጊዜ ወደኋላ የሚመለስ፣ ትዝታ የሚፋቅ ከሆነ ማንም ምንም አልከፈለም። ስለዚህ መጻፍ ሳትጀምሩ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ወስኑና ከጠረጴዛችሁ ፊት ለጥፏቸው፦

1. በዚህ ዓለም ውስጥ አስማት ፈጽሞ ሊመልሰው የማይችለው ነገር ምንድን ነው?
2. ሊመለስ የሚችለውን ለመመለስ የሚከፈለው ዋጋ ምንድን ነው?
3. ዋጋውን መክፈል የሚችለው በዳዩ ራሱ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ሰው ሊከፍልለት ይችላል?

ሦስተኛው ላይ «ሌላ ሰው ይችላል» ካላችሁ ተጠንቀቁ። በመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ደግ ጠንቋይ መጥቶ ዕዳውን ሲከፍልለት ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

ዋጋው ከበደሉ ጋር ሥጋ ለሥጋ የተያያዘ ይሁን። «ጉልበቱ ይደክማል» ወይም «ከዕድሜው ይቀነሳል» ለየትኛውም ታሪክ ስለሚሆን ለየትኛውም ታሪክ አይበቃም። ለድምጽ ነጣቂው እንዲህ እንወስን፦ የነጠቀውን ድምጽ ለመመለስ መጀመሪያ በራሱ ጉሮሮ ማሳለፍ አለበት። ሲያልፍም ባለቤቱ በተነጠቀበት ቅጽበት የተናገረውን የመጨረሻ ቃል፣ በባለቤቱ ድምጽ፣ ከራሱ አፍ ይሰማል። ዘፋኟ ያኔ የእናቷን ስም ጠርታ ነበር። ካሳ ሊከፍል የቆመው ሰው የሷን እናት በሷ ድምጽ ይጣራል፤ ዘፋኟም ፊት ለፊቱ ቆማ ትሰማዋለች። ይህን ትዕይንት ስትጽፉ «ተጸጸተ» የሚል ቃል አያስፈልጋችሁም።

የዓለማችሁን ፍርድም ወስኑ

በዓለማችሁ ውስጥ በደለኛን የሚዳኘው ማን ነው? ምንስ ይጠይቀዋል? እንባ? እውነት? ደም? ገንዘብ? የአፓርታይድ ዘመን በደሎችን በመረመረው በደቡብ አፍሪካ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ሥርዓት ምሕረት የሚጠይቅ ሰው የሠራውን ሙሉ በሙሉ እንዲናገርና ድርጊቱ ፖለቲካዊ ዓላማ እንደነበረው እንዲያሳይ ሕጉ ያዝዝ ነበር፤ መጸጸት ግን ቅድመ ሁኔታ አልነበረም። አንድ ሰው ዓይኑን ሳያሽ ሁሉንም ተናግሮ ነጻ ሊወጣ ይችል ነበር ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት አንድ ግልጽ ሕግ ለዓለማችሁ አውጡ። በሕጉና በሰዎች ቁጣ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ግጭት ይፈጥርላችኋል።

ደረጃ 3፦ የተለወጠበትን ምክንያት በሦስት ከፍላችሁ ጻፉ

በአንድ ሌሊት የሚለወጥ ጨካኝን ማንም አያምነውም። ለውጡን እንዲህ ከፋፍሉት፦

1. *ስንጥቅ።* ትንሽ ነገር ነው፤ እሱም ያኔ አላስተዋለውም። ሥራውን እየሠራ አንዴ እጁ ዘገየ፣ አንድ ጠርሙስ ላይ ስም ጻፈ።
2. *ጥቅሙን የሚነካ ምርጫ።* ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛውን ነገር አድርጎ ዋጋ ከፈለ። አነስተኛ ይሁን፤ ግን ይታይ።
3. *መንሸራተት።* ወደ ድሮው ተመለሰ። ይህን ክፍል የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ሰው ልማዱን የሚተወው እየወደቀ ስለሆነ ከመጽሐፉ መካከል አንድ እውነተኛ ውድቀት አስገቡ፤ ውድቀቱም አዲስ ተበዳይ ይፍጠር።

የመጀመሪያው ምክንያት ንጹሕ መሆን የለበትም። ሽንፈት፣ ፍርሃት፣ እርጅና ሊሆን ይችላል። ድምጽ ነጣቂው ማሰብ የጀመረው ንጉሡ ከሞተ በኋላ ነው፤ ይህ ደግሞ አጠራጣሪ ነው። ጥርጣሬውን አትሸፍኑት። «ንጉሥህ ቢኖር ኖሮ ዛሬ በሬን ታንኳኳ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ገጸ ባሕርይ ፍጠሩ፤ ድምጽ ነጣቂውም ቶሎ መልስ አያግኝ።

*ማስጠንቀቂያ፦* የለውጡን ሸክም ሁሉ በአንዲት ደግ ሴት ወይም በአንድ የዋህ ሕፃን ላይ አትጫኑ። እነዚህ ገጸ ባሕርያት የሰውዬው መድኃኒት ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ጸሐፊውም ሰውዬውን ለማስለቀስ ሲል ምዕራፍ 20 ላይ ይገድላቸዋል። ይህ ሌላ በደል ነው፤ በዳዩ ደግሞ ደራሲው ነው።

ደረጃ 4፦ በደሉን መቼና እንዴት እንደምታሳዩ ወስኑ

የእኔ ምክር ይኸውላችሁ፦ ከበደሎቹ ሁሉ የከፋውን በመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ ውስጥ አሳዩ። 32 ምዕራፍ ካላችሁ እስከ ምዕራፍ 8 ድረስ አንባቢ ሊያውቀው ይገባል። የቀረው አንድ ዝርዝር ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ እሱን ለጡዘቱ፣ ማለትም ግጭቱ ጫፍ ለሚደርስበት ትዕይንት አቆዩት። አንባቢን በሰውዬው ቀልድና ጀግንነት 25 ምዕራፍ ሙሉ ካስወደዳችሁ በኋላ በደሉን ብታወጡት፣ አንባቢ የሚቀየመው ገጸ ባሕርይውን ሳይሆን እናንተን ነው።

ትዕይንቱን ስትጽፉ ስሜት የሚገልጹ ቃላትን አስወግዱና የተደረገውን ብቻ አስቀምጡ። ይህን አንብቡ፦

«በዚያች ሌሊት የማይነገር ግፍ ፈጸምኩ። እስከ ዛሬ ልቤ ይደማል።»

ከዚህ ውስጥ ምንም አይታይም። ልቡ የሚደማው ለምን እንደሆነ አናውቅም። አሁን ደግሞ ይህን፦

«ሴትዮዋ ውሃ ቀድታ እየተመለሰች ነበር። እንዳይደፋባት ባልዲውን መሬት እንዳስቀምጥላት ለመነችኝ። ተቀብዬ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ድምጿን ወሰድኩ።»

ባልዲውን ማስቀመጡ ነው የሚያስፈራው። ሰውዬው ደግነት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እያወቀ ነው ያደረገው። በየበደሉ ውስጥ እንዲህ ያለች አንዲት ትንሽ ድርጊት ፈልጉ። ካላገኛችኋት ትዕይንቱን በተበዳዩ አንጻር አንድ ጊዜ ጻፉትና አወዳድሩ፤ ብዙ ጊዜ የምትገኘው እዚያ ነው።

*ከተበላሸ፦* ምልሰቶቻችሁ በዝተው ታሪኩ ቆሞ ከቀረ፣ ያለፈውን በምልሰት ማሳየት ተዉና ዛሬ ላይ ባለ ዕቃ ወይም ሰው አሳዩት። የሰለለ ድምጿን ይዛ የምታዋልደው ሴት ራሷ ምልሰት ናት።

ደረጃ 5፦ ተበዳዮቹን ሰው አድርጓቸው

መጽሐፉ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ለእያንዳንዱ ተበዳይ እነዚህን አሟሉ፦

- ከበዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው አንድ ፍላጎት። አዋላጇ ሙያዋን የምታስተምራት ተተኪ እየፈለገች ነው። ሰውዬው ባይመጣም ትፈልግ ነበር።
- በዳዩ የሌለበት ቢያንስ አንድ ትዕይንት።
- ይቅር ያለማለት መብት። አንባቢ «እሺ፣ አሁንስ ይቅር በይው» የሚልበት ቦታ ላይም ቢሆን።

መልሳቸው የተለያየ ይሁን። አንዷ ካሳውን ተቀብላ ሰውዬውን ታባርረው። አንዱ ካሳውንም አይቀበል። አንዷ ይቅር ብላ ቤተሰቦቿ ይጣሏት። አንዱ ደግሞ ጨርሶ አያስታውሰው፤ ለበዳዩ ከቁጣ ሁሉ የሚከብደው ይህ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጸጸቱ ለማን እንደተነገረ መርምሩ። በጥንታዊት ህንድ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው አሾካ ካሊንጋን በጦርነት ከያዘ በኋላ የተሰማውን ጸጸት ድንጋይ ላይ አስቀርጿል። 100,000 ሰው እንደተገደለ፣ 150,000 እንደተጋዘ ራሱ ይናገራል። ነገር ግን በዚያው በካሊንጋ ምድር በተቀረጹት ድንጋዮች ላይ ይህ የጸጸት ቃል የለም፤ በምትኩ ሌሎች አዋጆች ተቀርጸዋል። መንግሥቱ ሁሉ ጸጸቱን ሲያነብ የተጎዱት ደጃፍ ላይ አልተጻፈም። ገጸ ባሕርያችሁ ስንት ጊዜ ለጓደኛው፣ ለፈረሱ፣ ለጨረቃ እንደተናዘዘ ቁጠሩ፤ ከዚያ ለተበዳዩ በቀጥታ የተናገረውን ቁጠሩ። ሁለተኛው ዜሮ ከሆነ ንስሐው ገና አልተጀመረም።

ዋስ የሚሆነውን ሰው አትርሱ

ጳውሎስ አሳዳጅነቱን ትቶ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ደቀ መዛሙርቱ ፈርተውት ነበር፤ ይዞ ወደ ሐዋርያት ያገባው በርናባስ ነው። በእናንተም ታሪክ ውስጥ የቀድሞውን ጨካኝ ማንም በራሱ ቃል ሊያምነው አይገባም። ዋስ ይፈልጋል። ዋሱ ለምን እንደሚያምነውና ቢሳሳት ምን እንደሚያጣ ጻፉ። ምንም የማያጣ ዋስ ታሪኩን አያንቀሳቅስም። በደረጃ 3 ያስገባችሁት መንሸራተት በዚህ ሰው ላይ ቢያርፍ የመጽሐፉ መካከል በአንድ ጊዜ ይጠነክራል።

ደረጃ 6፦ ካሳውን በቅደም ተከተል አስኪዱት

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦

1. *ማቆም።* በደሉን መፈጸም ይተው፤ ከበደሉ የሚያገኘውንም ጥቅም መብላት ይተው። በተነጠቀ ድምጽ ሽያጭ በተሠራ ቤት ውስጥ እየኖረ የሚጸጸት ሰው አላቆመም።
2. *መናገር።* ሙሉውን፣ ስም እየጠራ፣ «ታዝዤ ነው» ሳይል።
3. *መመለስ።* በዓይነት የሚመለሰው በዓይነት፤ የማይመለሰው ተበዳዩ በመረጠው መንገድ። በዳዩ ራሱ የመረጠው ካሳ ብዙ ጊዜ ለራሱ የሚመቸው ነው።
4. *ፍርድ መቀበል።* በደረጃ 2 ያወጣችሁት ሕግ እዚህ ይሠራል። ማምለጥ እየቻለ ይቁም።
5. *የድሮውን ፈተና ማለፍ።* ጡዘቱ ይህ ነው።

አምስተኛውን ለመሥራት በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ሊቅ ማይሞኒደስ ያስቀመጠው መለኪያ ይጠቅማችኋል፦ ፍጹም ንስሐ የሚባለው ሰው ያንኑ ኃጢአት የመድገም ዕድል ገጥሞት፣ ማድረግም እየቻለ፣ ከፍርሃት ወይም ከአቅም ማነስ ሳይሆን ስለተጸጸተ ሲተወው ነው።

ለደራሲ ይህ የትዕይንት ንድፍ ነው። ድምጽ ነጣቂው እንደገና ባዶ ጠርሙስ ይዞ በአንድ ሰው ፊት ይቁም። አሁን ምክንያቱ መልካም ይምሰል፦ ይህን አንድ የጦር አዛዥ ድምጽ ቢነጥቀው የጥቃቱ ትእዛዝ አይወጣም፣ ዘፋኟም ትድናለች። ሁሉም «አድርገው» ይሉታል፤ አንባቢም ጭምር። ካላደረገው ሌላ፣ ረጅምና እሱን የሚያስከፍል መንገድ ሊኖር ይገባል፤ ያን መንገድ ቀደም ብላችሁ በንግር፣ ማለትም ወደፊት የሚመጣውን በሚጠቁም ፍንጭ አዘጋጁት። ከሰማይ የወረደ መፍትሔ እዚህ ቦታ ላይ ሁሉንም ያፈርሳል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ከጡዘቱ በፊት ኃይሉን አትውሰዱበት። አስማቱን የተነጠቀ ጠንቋይ ክፉ ባለማድረጉ ማንም አያመሰግነውም። አቅሙ ሙሉ እንደሆነ ይፈተን።

ደረጃ 7፦ መጨረሻውን አታሽሹት

ብዙ ረቂቆች ሰውዬውን ለሌላ ሲል ገድለው ይዘጋሉ። ሞት ለደራሲው ይቀላል፤ ለሰውዬውም ይቀላል። ነገ ተነሥቶ አዋላጇን በገበያ ላይ ማየት የለበትም። ልትገድሉት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ከመሞቱ በፊት ሊመለስ የሚችለውን ሁሉ መልሷል፤ ሞቱ ለተበዳዮቹ የሚጠቅም ነገር አስገኝቷል፤ በሕይወት ቢቆይ ኖሮ የሚከብደው ይበልጥ እንደነበር አንባቢ ያውቃል። አንዱ ከጎደለ አቆዩት።

ከቆየ የዕለት ሥራ ስጡት። ዙፋን፣ ማዕረግ፣ የሕዝብ እልልታ አትስጡት። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከተበዳዮቹ በአንዱ አንጻር መተረክን ሞክሩ፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምመርጠው ይህን ነው። አንባቢ ሰውዬውን ከሩቅ፣ ጥግ ይዞ ሲሠራ ያየዋል፤ ታሪኩ ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል።

ደረጃ 8፦ ረቂቁን ፈትሹ

- የሰውዬውን ጸጸት የሚገልጹ አንቀጾችን በአንድ ቀለም፣ ጸጸቱ ያስደረገውን ነገር የሚያሳዩትን በሌላ ቀለም አስምሩ። የመጀመሪያው ቀለም ከበዛ ግማሹን ሰርዙ።
- የአንድ ተበዳይን ትዕይንቶች ብቻ ለይታችሁ በተከታታይ አንብቡ። ያለ በዳዩ ታሪክ ሆነው ካልቆሙ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።
- «ግን እኮ እሱም ልጅ ሳለ ተሠቃይቷል» የሚል ምዕራፍ ካለ ቦታውን እዩ። ከበደሉ በፊት ከመጣ ማብራሪያ ይሆናል፤ ወዲያው ከበደሉ በኋላ ከመጣ ማመካኛ ይሆናል። አርቁት።

ከዚያ ረቂቁን ለሁለት ለሦስት አንባቢዎች ስጡና «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይህን ጠይቁ፦ የትኛው ተበዳይ ስሙ ትዝ ይላችኋል? ሰውዬው ማንን ገና አልካሰም? የት ቦታ ላይ ይቅር አላችሁት፣ ወይስ አላላችሁትም?

መልሶቻቸው ከተለያዩ አትደንግጡ፤ አንዱ ይቅር ሲለው ሌላው እምቢ ማለቱ ደህና ነው። የሚያሳስበው ሁሉም የበዳዩን ስም ይዘው የተበዳዮቹን ስም ሲረሱ ነው። ያኔ አዲስ ትዕይንት አትጨምሩ። ከሰውዬው የብቻ ንግግሮች ሁለቱን አውጡና ቦታቸውን ለአዋላጇ ወይም ለልጁ ስጡ፤ ከዚያ ለሌላ፣ ረቂቁን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ስጡት።